አንድ ሴሚስተር በቦሎኛ፦ ወጪው፣ ወረቀቱ እና ስትመለሱ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ

"አንድ ሴሚስተር አውሮፓ ተምረህ ትመለሳለህ፤ የትምህርት ክፍያ የለም፤ በየወሩም ገንዘብ ይሰጥሃል" ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን መልስ "ውሸት ነው" የሚል ነው። አይፈረድብንም። ቴሌግራም ላይ "ፉሊ ፈንድድ" የሚል ፖስት በየቀኑ ይመጣል፤ ከሥሩ ደግሞ የሆነ "ኤጀንሲ" ስልክ ቁጥር አይጠፋም።

ይሄኛው ግን እውነት ነው። ኢራስመስ ፕላስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንም ያካትታል። የምትማሩበትን ዩኒቨርሲቲ ሳትለቁ አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ ዓመት አውሮፓ ተምራችሁ፣ ተመልሳችሁ እዚሁ ትመረቃላችሁ።

እውነት ያልሆነው "ቪዛ ካገኘህ አለቀ" የሚለው ወሬ ነው። ከቪዛው በፊትም በኋላም ተማሪ የሚያስለቅሱ ነገሮች አሉ። ዛሬ አንድ ከተማ መርጠን፣ ከማመልከቻው እስከ መመለሻው ያለውን መንገድ በቅደም ተከተል እናያለን። የመረጥነው የጣሊያኗን ቦሎኛ ነው።

ለምን ቦሎኛ?

በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ በአውሮፓ የዩኒቨርሲቲ ነገር ከተነሣ ቦሎኛ ሳትነሣ አታልፍም። ዩኒቨርሲቲዋ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1088 ነው ተብሎ ይታመናል፤ በምዕራቡ ዓለም ከሁሉም ቀድሞ የተመሠረተ ተብሎ የሚጠራውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ 29 የአውሮፓ አገሮች እዚያው ተሰብስበው "የቦሎኛ ስምምነት" የተባለውን ሰነድ ፈረሙ። ዲግሪዎቻቸው እንዲመሳሰሉና የአንዱ አገር ክሬዲት በሌላው አገር እንዲቆጠር መንገድ የጠረገው ይሄ ሰነድ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ጥሩ ጥሩውም አስቸጋሪውም እዚያ በአንድ ቦታ መገኘቱ ነው። የተማሪ ከተማ ናት፣ ሕይወት አላት። ቤት ግን እንደ ልብ አይገኝም፣ የጣሊያን ወረቀትም ማለቂያ የለውም። እዚያ የሚያጋጥማችሁን ካወቃችሁ ሌላ ከተማ ብትሄዱም ብዙ አትደናገጡም።

ነገሩ የተጀመረው ባልተቆጠረ ውጤት ነው

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አጭር ታሪክ። ሶፊያ ኮራዲ የሚባሉ ጣሊያናዊት ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሮም የሕግ ተማሪ ሳሉ ስኮላርሺፕ አግኝተው ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፣ በሕግ ማስተርሳቸውን ይዘው ተመለሱ። ሮም ደርሰው "ይሄን ቁጠሩልኝ" ሲሉ ዩኒቨርሲቲያቸው አልቆጥርም አለ። ያን ሁሉ የተለፋበት ትምህርት አገር ቤት ላይ ዋጋ አጣ።

ሴትዮዋ ግን ነገሩን አልተዉትም። ተማሪ ሌላ አገር ሄዶ የተማረው በአገሩ እንዲቆጠርለት ለዓመታት ሲወተውቱ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 ኢራስመስ ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ11 አገሮች 3,244 ተማሪዎች ሄዱ። እሳቸውም "የኢራስመስ እናት" ተባሉ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በሩ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአውሮፓ ውጪ ላሉ አገሮች ተማሪዎችም ተከፈተ።

ይሄን ታሪክ ያነሣነው ለጌጥ አይደለም። ፕሮግራሙ የተወለደው "ስመለስ ይቆጠርልኛል ወይ?" ከሚል ጥያቄ ነው። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ተማሪም ዋናው ጥያቄ ዛሬም ያው ነው። መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

እንዴት ነው የሚገባበት?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ለዚህ ዕድል በግላችሁ ብራስልስ አታመለክቱም። ኢራስመስ ፕላስ ተማሪን አንድ በአንድ አይመርጥም፤ አሠራሩ በዩኒቨርሲቲዎች መካከል ነው። የአውሮፓው ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያው ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ይፈርማል፣ ከዚያ በራሱ አገር ላለው የኢራስመስ ቢሮ በጀት ይጠይቃል። በጀቱ ሲፈቀድ ጥሪ ይወጣል፤ ተማሪዎች ይወዳደራሉ፤ የእናንተ ዩኒቨርሲቲ ያለፉትን ያቀርባል፤ ተቀባዩ ያጸድቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጉግል ማድረግ አይደለም። ግቢያችሁ ውስጥ ያለውን የውጭ ግንኙነት ቢሮ በር ማንኳኳት ነው። የምትጠይቁትም ይሄን ነው፦

ከየትኛው የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተፈረመ ስምምነት አለ? ስምምነቱ የእኔን የትምህርት ክፍል ያካትታል? ለዲግሪ ተማሪ ነው፣ ለማስተርስ፣ ለፒኤችዲ ወይስ ለመምህራን ብቻ? ጥሪው መቼ ይወጣል፣ የትስ ይለጠፋል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትናቁ። ጥሪው ቦርድ ላይ ተለጥፎ ወይም በአንድ ቻናል ላይ ተለቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሊዘጋ ይችላል።

አንድ ነገር በደማቅ ይያዝልን፦ ለዚህ ዕድል "የፕሮሰስ" ተብሎ የሚከፈል ብር የለም። የሚሸጠው ሰው የሌለውን ነው የሚሸጥላችሁ። ዕድሉ በዩኒቨርሲቲዎች እጅ ነው፤ ደላላ መሐል የሚገባበት ቦታ የለም።

ደግሞ ከኢራስመስ ሙንዱስ ጋር አታምታቱት። ሙንዱስ ሙሉ የማስተርስ ዲግሪ ነው፣ የሚመለከተውም በግል ነው። የዛሬው ወሬያችን ለጊዜው ሄዶ ክሬዲት ይዞ ስለ መመለስ ነው።

ሦስት ፊርማ ያለባት ወረቀት

ተመረጣችሁ እንበል። አሁን "ሌርኒንግ አግሪመንት" የምትባል ሰነድ ትመጣለች። እዚያ የምትወስዱት ኮርስ እና እዚህ የሚተካው ኮርስ ጎን ለጎን ይጻፍባታል። ሦስት ወገን ይፈርምባታል፦ እናንተ፣ የኢትዮጵያው ዩኒቨርሲቲ እና የቦሎኛው።

በምሳሌ እንየው። አንዲት የሦስተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ አለች እንበል። በዚያ ሴሚስተር እዚህ አምስት ኮርስ መውሰድ አለባት። ቦሎኛ ላይ በእንግሊዝኛ ከሚሰጡት ውስጥ ከሦስቱ ጋር የሚቀራረብ አገኘች። ሁለቱ ግን ተመሳሳይ የላቸውም፤ አንደኛው ለምሳሌ ስለ ኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ነው፣ ጣሊያን ሄዳችሁ አታገኙትም። እነዚያን ሁለቱን መቼ ትወስዳለች? ከሌላ ባች ጋር? በክረምት? ይሄ ከመሄዷ በፊት በዲፓርትመንቱ መወሰንና በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። "ስትመለሺ እናየዋለን" የሚል መልስ መልስ አይደለም።

የክሬዲቱ ሂሳብ አይክበዳችሁ። በአውሮፓው ቆጠራ አንድ ሙሉ ዓመት 60 ኢሲቲኤስ ነው፣ አንድ ሴሚስተር 30። ጣሊያን ውስጥ አንድ ክሬዲት ማለት ክፍል የምትቀመጡበትም ራሳችሁ የምታጠኑበትም ተደምሮ 25 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ኢሲቲኤስ የሚለውን ስም ደግሞ በእኛም አገር ካሪኩለም ላይ አይታችሁታል፤ ባለ 3 ክሬዲት አወር ኮርስ ብዙ ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ይጻፋል። ቦሎኛ ላይ ብዙዎቹ ኮርሶች 6 ወይም 12 ናቸው። የእነሱ 6 ለእኛ 5 ይበቃል ማለት ነው፤ ግን ይሄን የሚወስነው ዲፓርትመንቱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

እዚያ ደርሳችሁ ኮርሱ ቢቀየር፣ ሰዓት ቢጋጭ፣ ሰነዱን ማስተካከል ይቻላል። ግን አሁንም በሦስቱም ፊርማ ነው። በስልክ "እሺ ችግር የለውም" የተባለ ነገር ሪጅስትራር ጋ አይሠራም።

ቪዛ፣ ስም እና ቀን

አንድ ሴሚስተር ከ90 ቀን ስለሚበልጥ የቱሪስት ቪዛ አይሆንም። የሚያስፈልገው የረጅም ጊዜ ብሔራዊ ቪዛ ነው፤ "ዲ" ቪዛ ይሉታል። የቅበላ ደብዳቤ፣ የስኮላርሺፕ ማረጋገጫ፣ የመኖሪያ ማስረጃ፣ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። የስኮላርሺፑ ደብዳቤ ገንዘብ እንዳላችሁ ማሳያ ስለሚሆን በወር ስንት፣ ለስንት ወር የሚለው በግልጽ መጻፉን ተመልከቱ።

ለሐበሻ የተለየ ፈተና የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ስማችን። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባት ስም ነው ያለን። እነሱ ፎርም ላይ "የቤተሰብ ስም" ይላሉ። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም ብቻ፣ ሌላው ላይ የአባትና የአያት፣ ሦስተኛው ላይ በሌላ ስፔሊንግ ከተጻፈ ሦስት የተለያየ ሰው ሆናችሁ ማለት ነው። የጣሊያን የታክስ መለያ ቁጥር ራሱ ከስምና ከቤተሰብ ስም ፊደላት ነው የሚሠራው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል፣ ሁሉም ቦታ። ቅበላ ደብዳቤው ላይ ስሕተት ካያችሁ ያኔውኑ አስተካክሉ፤ በኋላ ከባድ ነው።

ቀንና ሰዓትም እንዲሁ። ቀጠሮው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱም በእነሱ። "09፡00" ብሎ የጻፈላችሁ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ቀጠሮ ሲያመልጥ ግን ቀላል አይደለም።

ገንዘቡ ይበቃል ወይ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። የትምህርት ክፍያ፣ የምዝገባ፣ የፈተና፣ የላብራቶሪና የላይብረሪ ክፍያ የለም። እንደ ኢንሹራንስ ያለ ትንሽ ክፍያ እንደ አገሬው ተማሪ ሊጠየቅ ይችላል። ለኑሮ ደግሞ ከአውሮፓ ውጪ ለሚመጣ ተማሪ እንደ አገሩ ውድነት በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ ይሰጣል። የጉዞ ገንዘብ በርቀት ተሰልቶ ለብቻ ነው። የአካል ጉዳት ላለበት ወይም ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጣ ተማሪ ተጨማሪ ድጋፍም አለ፤ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አይነግራችሁም።

እኛ መካከለኛውን፣ 850 ዩሮን ይዘን በግምት አስልተነዋል። ለአንድ ክፍል ኪራይ 500፣ እያበሰላችሁ ለምግብ 200፣ ለስልክና ለትራንስፖርት 50፣ ለልዩ ልዩ 50። ድምሩ 800። 50 ዩሮ ተረፈች። ይኖርበታል፣ አይቀናጣበትም። ቤተሰብ "ላክልን" ቢል የሚላክ ነገር የለውም፤ ይሄን ለቤተሰብ ቀድሞ ማስረዳት ራሱ አንድ ሥራ ነው።

ከባዱ ግን ወርሃዊው ወጪ አይደለም፣ የመጀመሪያው ወር ነው። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው ውል ከተፈረመና መድረሳችሁ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። አከራይ ግን አይጠብቅም። የመጀመሪያ ወር ኪራይ 500፣ የሁለት ወር ማስያዣ 1,000፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወደ 116 ዩሮ። ምግብና ኢንሹራንስ ሳይቆጠር 1,600 ዩሮ አልፏል። ከኢትዮጵያ ሆኖ ያንን ያህል ዩሮ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሬ በገበያ ዋጋ ስለሆነ ደግሞ ያው ዩሮ በብር ሲሰላ ከበፊቱ በጣም ከባድ ነው።

ስለዚህ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት በኢሜይል ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የመጀመሪያው ክፍያ የሚለቀቀው በስንተኛው ቀን ነው? ቲኬቱን የሚቆርጠው ዩኒቨርሲቲው ነው ወይስ እኔ ቆርጬ በኋላ ይተካልኛል? የመጀመሪያውን ወር የማርፍበት የተማሪዎች ማደሪያ አለ? ሦስተኛው ላይ "አለ" ከተባላችሁ ግማሹ ጭንቀት ተቃለለ።

ስትደርሱ፦ የስምንት ቀን ሩጫ

ጣሊያን እንደገባችሁ በስምንት የሥራ ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ። ቪዛው አገር ያስገባችኋል፣ የሚያኖራችሁ ግን ይሄ ፈቃድ ነው። የሚጀመረው ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን ፖስታ ቤት መሆኑ ብዙ ሰው ያስገርማል። እዚያ የፎርም ፖስታ ትወስዳላችሁ፣ ሞልታችሁ ትመልሳላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኝና ኬስቱራ የሚባለው የፖሊስ መሥሪያ ቤት የምትቀርቡበት ቀጠሮ ይሰጣችኋል። እዚያ አሻራ ትሰጣላችሁ።

ካርዱ ቶሎ አይመጣም። ወራት ሊወስድ ስለሚችል ሴሚስተሩ አልቆ ካርዱ ያልደረሰው ተማሪ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ያቺ የፖስታ ቤት ደረሰኝ ወርቅ ናት። ፎቶ አንሷት፣ ኮፒ አድርጓት፣ ዋናውን አትጣሉ።

ሌላው ኮዲቼ ፊስካሌ የሚባለው የታክስ መለያ ቁጥር ነው። ነፃ ነው፤ የቤት ውል ለመፈረምም የባንክ ሒሳብ ለመክፈትም ይጠየቃል።

ሕክምናም አለ። የጣሊያን የመንግሥት ጤና አገልግሎት ውስጥ በፈቃዱ ለሚመዘገብ የውጭ ተማሪ ክፍያው ከ2024 ጀምሮ በዓመት 700 ዩሮ ሆኗል፤ ቀድሞ 150 ገደማ ነበር። ለአንድ ሴሚስተር ለሚሄድ ሰው የግል ኢንሹራንስ ይረክሳል። ማን ይከፍለዋል የሚለውን ግን ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ።

ሥራስ? በተማሪ ፈቃድ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ሕጉ ይፈቅዳል። ግን ካርድ እየጠበቃችሁ፣ ቋንቋ ሳትችሉ፣ ለአምስት ወር ብቻ የሚቀጥር ማግኘት ሌላ ነገር ነው። በጀታችሁን "እዚያ ሄጄ እሠራለሁ" ብላችሁ አትሥሩ።

ቤት፦ የቦሎኛ ራስ ምታት

ቦሎኛ ውስጥ ተማሪው ብዙ ነው፣ ቤቱ ትንሽ። ለአንድ ክፍል 500 ዩሮና ከዚያ በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ከሰው ጋር ክፍል መጋራት ይረክሳል። በ2023 የጣሊያን ተማሪዎች በኪራይ ውድነት ተማርረው ዩኒቨርሲቲዎች ደጃፍ ድንኳን ተክለው ሲያድሩ ነበር። ተቃውሞው ሚላን ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። አገሬው እንዲህ ከሆነ ለእንግዳው አስቡት።

ሌባው የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። ፎቶው የሚያምር፣ ዋጋው የረከሰ ቤት ይለጠፋል። ባለቤቱ "አሁን ውጭ አገር ነኝ፣ ማስያዣውን ላክ፣ ቁልፉን በፖስታ እልክልሃለሁ" ይላል። ቁልፉ አይመጣም። ሕጉ አንድ ነው፦ ቤቱን እናንተ ወይም የምታምኑት ሰው በአካል ሳያይ፣ የጽሑፍ ውል ሳይኖር፣ አንድ ዩሮ አይላክም። ውሉ ሕጋዊ ምዝገባ ያለው መሆኑንም ጠይቁ።

ክፍል ውስጥ፦ ፈተናው በአፍ ነው

የመጀመሪያው ሴሚስተር በአብዛኛው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ በፈረንጁ ነው፣ ማለትም ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር፤ ፈተናው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ይመጣል።

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ተማሪ ትልቁ ድንጋጤ የቃል ፈተና ነው። ጣሊያን ውስጥ በብዙ ኮርሶች መምህሩ ፊት ተቀምጣችሁ በአፍ ትጠየቃላችሁ። ምርጫ የለውም፣ ማክበብ የለውም። "ይሄን አስረጂኝ" ይላል፣ ከዚያ "ለምን?" ይላል፣ ከዚያም "ምሳሌ ስጪኝ"። ሸምድዶ የመጣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ያልቅበታል። ዝግጅቱም ቀላል ነው ባይባልም ግልጽ ነው፦ ከጓደኛ ጋር ጮክ ብሎ፣ በእንግሊዝኛ፣ እየተጠያየቁ ማጥናት።

ውጤቱ ከ30 ነው። ማለፊያው 18። ከ30 በላይ ደግሞ "30 ከምስጋና ጋር" የሚባል አለ። ተማሪ የተሰጠውን ውጤት "አልፈልገውም፣ ደግሜ እፈተናለሁ" ማለት ይችላል፤ ይሄ እዚያ ነውር አይደለም። እናንተ ግን ተጠንቀቁ። የሚቀጥለው የፈተና ቀን እናንተ አገር ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ሊሆን ይችላል። ባዶ እጅ ከመመለስ 22 ይዞ መመለስ ይሻላል።

ብርድ፣ ጨለማ እና እንጀራ

ዲሴምበር ላይ ቦሎኛ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አነጋገር 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጉም አለ፣ ብርድ አለ። ከአዲስ አበባ ብርድ ጋር አታወዳድሩት። በዚህ ወቅት ክፍል ዘግቶ መተኛት፣ ሰው መሸሽ፣ ማልቀስ የሚመጣባቸው ተማሪዎች አሉ፤ ስንፍና አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት አላቸው፣ መጠቀም ነውር የለውም።

ከተማዋ ግን ለሚራመድ ሰው ትመቻለች። መንገዶቿ ዳር ዳሩን በቅስት ጣሪያ የተሸፈኑ ናቸው፤ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ሳትይዙ ከክፍል ቤት መድረስ ይቻላል። የእነዚህ መተላለፊያዎች ጠቅላላ ርዝመት ወደ 62 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ በ2021 ዩኔስኮ መዝግቧቸዋል። መሐል ከተማ ሁለት የቆሙ የድሮ ማማዎች አሉ። ረጅሙ 498 ደረጃ አለው፤ ሳይመረቅ የወጣ ተማሪ አይመረቅም የሚል አባባል አላቸው። አሁን እንኳ ትንሹ ማማ መዝመሙ ስላሳሰባቸው ከ2023 ወዲህ አካባቢው ታጥሯል፤ ለፈተናው አትጋለጡም።

እንጀራም አይጠፋም። ቦሎኛ ለሐበሻ አዲስ ከተማ አይደለችም፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስከ 1991 ድረስ በአውሮፓ ያሉ ኤርትራውያን ትልቁን ዓመታዊ ፌስቲቫላቸውን የሚያደርጉት እዚያ ነበር። ዛሬም የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። ግን ሁልጊዜ ውጭ መብላት በ850 ዩሮ አይታሰብም፤ ሽሮና በርበሬ ከቤት ይያዝ።

መመለስ፦ ጥያቄው እዚህ ጋ ይመጣል

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ያቺ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሦስት ኮርስ ተፈትና አልፋለች። ማርች መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ገባች። ግቢ ስትደርስ ሦስት ነገር ይጠብቃታል።

አንደኛው ካላንደሩ ነው። የእኛ ሁለተኛ ሴሚስተር ቀድሞ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል። ዘግይታ መመዝገብ እንደምትችል ከመሄዷ በፊት በደብዳቤ ካልተያዘላት "የምዝገባ ጊዜ አልፏል" ልትባል ትችላለች።

ሁለተኛው መዝገቡ ነው። በሌለችበት ሴሚስተር ስሟ ሪጅስትራር ጋ እንዴት ነው የተያዘው? "በልውውጥ ላይ" ተብሎ ነው ወይስ እንዳቋረጠች ተማሪ? ሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። አቋርጣለች ከተባለ የመልሶ ቅበላ ጣጣ ውስጥ ትገባለች።

ሦስተኛው ውጤቱ ነው። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕት መላክ አለበት፤ ደንቡ ውጤት ከወጣ በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ይላል። ከዚያ 26 ከ30 በእኛ ኤ ነው ወይስ ቢ ፕላስ? ሠንጠረዥ ከሌለ የአንድ ሰው ፍላጎት ይሆናል። ይሄ ሠንጠረዥ ሌርኒንግ አግሪመንቱ ሲፈረም አብሮ መታየት ነበረበት።

ከዚህ ላይ የመውጫ ፈተና ይጨመራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ ይሄን ፈተና 50 በመቶ አምጥቶ ማለፍ አለበት። ፈተናው የሚወጣው ከእኛ ካሪኩለም ነው። ቦሎኛ ሳላችሁ እዚህ የተሰጠውን ትምህርት በራሳችሁ ማካካስ ግዴታ ነው። ከክፍላችሁ አንድ ታማኝ ጓደኛ ይኑራችሁ፤ ሃንድአውቱን በየሳምንቱ በቴሌግራም የሚልክ። በዚህ ምክንያት የመጨረሻው ዓመት የመጨረሻ ሴሚስተር ለመሄድ ጥሩ ጊዜ አይደለም፤ ሦስተኛ ዓመት ይሻላል።

ይሄን ሁሉ የምናነሣው ለማስፈራራት አይደለም። በኮቪድና በጦርነት ምክንያት የአራት ዓመቱን ትምህርት በስድስትና በሰባት ዓመት የጨረሱ ተማሪዎች ባሉበት አገር አንድ ሴሚስተር መቃጠል ቀላል ነገር አይደለም። ዕድሉ ዕድል የሚሆነው ሲቆጠር ነው።

"ለምን ይመለሳል?"

ይሄን ሳናነሣ ብናልፍ ኮሜንት ላይ መምጣቱ አይቀርም። እውነቱን እንነጋገር፤ "ከወጣህ አትመለስ" የሚል ምክር ከቤተሰብም ከጓደኛም ይመጣል። አገር ቤት ያለውን ኑሮ ስለምናውቅ በሚያስበው ሰው ላይ አንፈርድም። ግን ሂሳቡን አብረን እንይ።

የልውውጥ ተማሪ ፈቃድ ከሴሚስተሩ ጋር ያበቃል፣ ገንዘቡም ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለ ወረቀት፣ ያለ ዲግሪ፣ ቤት በማይገኝበት ከተማ ነው ኑሮው። እዚህ ሦስት ዓመት የተማራችሁት ሳይቋጭ ይቀራል። ሌላም አለ፤ ይሄ ስምምነት በመተማመን የቆመ ነው። የተላከው ተማሪ ካልተመለሰ ተቀባዩ ለሚቀጥለው ዙር ያመነታል፣ ኤምባሲውም ይጠራጠራል። ቦታዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ዋጋውን የምትከፍለው ከኋላ ተራ የምትጠብቀው ተማሪ ናት።

በተቃራኒው ተመልሶ የተመረቀ ሰው ከቦሎኛ ትራንስክሪፕት፣ ከሚያውቁት መምህር የድጋፍ ደብዳቤ እና ንጹሕ የቪዛ ታሪክ አለው። ለማስተርስ ሲያመለክት እነዚህ ሦስቱ ቀላል አይደሉም። መሄድ ለሚፈልግም ሰፊው በር እሱ ነው።

ከመፈረም በፊት

ይሄን ክፍል ስክሪንሾት አድርጉት።

ከዲፓርትመንት፦ የሚቆጠሩልኝ ኮርሶች እና የሚቀሩብኝን መቼ እንደምወስድ፣ በፊርማና በማኅተም።

ከሪጅስትራር፦ በሌለሁበት ሴሚስተር "በልውውጥ ላይ" ተብዬ እንደምያዝ እና ዘግይቼ መመዝገብ እንደምችል የሚገልጽ ደብዳቤ።

ከተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ፦ ገንዘቡ የሚለቀቅበት ቀን፣ ቲኬቱን ማን እንደሚቆርጥ፣ ኢንሹራንሱን ማን እንደሚከፍል፣ የመጀመሪያው ወር ማረፊያ የት እንደሆነ፣ በኢሜይል።

ከራሳችሁ፦ ፓስፖርት አሁኑኑ። ጥሪ ወጥቶ ፓስፖርት መጠባበቅ ብዙ ሰው ያስቀረ ነገር ነው።

ሶፊያ ኮራዲ ያኔ ከኒውዮርክ ሲመለሱ የጎደላቸው ብልህነት ወይም ትጋት አልነበረም። ከመሄዳቸው በፊት "ይቆጠርልሻል" ብሎ የፈረመላቸው ሰው ነው ያጡት። እናንተ ያንን ፊርማ ይዛችሁ ሂዱ። ግቢያችሁ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ስምምነት መኖሩን ያረጋገጣችሁ ኮሜንት ላይ የዩኒቨርሲቲውንና የትምህርት ክፍሉን ስም ጻፉልን፤ ሰብስበን ለሁሉም እንዲደርስ እናደርጋለን።